የሽኝቱ ቀሚስ

«ስብ ሥራ የለውም። ስብ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው፤ እንዳንተ።»

«ሥራ አለው አለች እኮ፣ አዳዳ። አጠገብሽ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።»

«አንተ ምኑን ሰማህ? የዶክተሯን ጫማ ስታይ አይደል የቆየኸው።»

«በዓይኔ ጫማውን፣ በጆሮዬ ስቡን። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።»

«ዲሲ!» አለችኝ በኦሮምኛዋ። «ተወኝ። ሰላሳ ዓመት የተሸከምኩትን ስብ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን እንኳ እቃ ሲያነሳልኝ አላየሁትም።»

ከደሴ ወደ ከሚሴ በሚኒባስ ስንመለስ ነው። ሐርቡን አልፈናል፣ ከኮምቦልቻ የጀመርነውን ጭቅጭቅ ግን አልጨረስንም። አዳዳ የሁለት ሰው ቦታ ይዛ፣ እኔ በቀረችው ጫፍ ላይ በአንድ ጎኔ ተንጠልጥያለሁ። ከኋላችን ያሉ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ ያ ሥራ የሚሠራው ስብ የት ነው የሚገኘው? ለልጆቼ ፈልጌ ነው፣ የነሱ ሥጋ እንኳ አይሠራም» አሉ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። አዳዳ አልሳቀችም። ሻሿን አስተካክላ በመስኮቱ የጨፋን ማሽላ ማየት ጀመረች።

አዳዳ የምላት የአባቴ እህት ስለሆነች ነው፤ በኦሮምኛችን እንደዚያ ነው የሚባለው። ስሟ ዓዲላ ነው። አባቴና እናቴ ተለያይተው በየፊናቸው ሲሄዱ እሷ ናት ያሳደገችኝ። ከሚሴ ገበያ ገብተህ ዓዲላ የት ናት ብትል ሰው በጣቱ አያሳይህም፣ በአገጩ ነው፤ ከየትም ብትቆም ትታያለቻ። ልጅ ሆኜ ቅቤ ተራ ስትውል ከኋላዋ ጀርባዋን ተደግፌ እተኛ ነበር። ፀሐይ በየትም ብትዞር ጥላ አያልቅብኝም። የሚተነፍስ ግድግዳ ነበረኝ፣ ቅቤ ቅቤ የሚል።

ውፍረቷ ደግሞ ለሥራዋም ነው። ከሲታ ቅቤ ሻጭ ማለት የተቀደደ የሚለብስ ልብስ ሰፊ ማለት ነው። ገዢው መጀመሪያ እሷን ያያታል፣ ከዚያ ቅቤውን ያሸታል። «ይሄን በልታ ነው እንዲህ የሆነችው» ይላል በሆዱ። ከዚያ በኋላ መከራከር የለም።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓ.ም ነው ቀኝ ጡቷ ላይ የማሽላ ፍሬ የምታህል ነገር ያገኘችው። ዝም አለች። ፍሬዋ ባቄላ አከለች፣ አሁንም ዝም። ሎሚ ስታክል ነው ለእኔ የነገረችኝ፣ ያውም «ማንም እንዳይሰማ» ብላ። አዲስ አበባ ወስደው ጡቷን ቆረጡት። ለሰፈሩ የሐሞት ጠጠር ነው አልን። ጅዳ ላለው ባሏም በስልክ የሐሞት ጠጠር ነው አለችው። ቀኝ ጎኗ ላይ ሻሽ አጥፋ ትጎሰጉስና ቅቤዋን ትሸጣለች። በቀን አንድ ኪኒን፣ ለአምስት ዓመት። ክትትሉ ደሴ ሆነ።

እዚያ ነው እንግዲህ ያቺ ዶክተር ስለ ስብ የነገረችን። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ግን ስታስረዳ ጥሩ አድርጋ ነው። ሴት ልጅ የወር አበባዋ እስኪቆም ድረስ ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን በብዛት የሚሠራው የእንቁላል ቤቷ ነው አለች። ያ ሥራውን ሲያቆም ስቡ ይረከባል። ስብ ዝም ብሎ የተከመረ ነገር አይደለም፣ ሆርሞን ያበስላል፣ በደም ውስጥ ይልካል። የአዳዳ እብጠት ደግሞ ያንኑ ሆርሞን እየበላ የሚያድግ ዓይነት ነበር። ኪኒኗ በሩን ትዘጋበታለች፣ ስቡ ግን ማብሰሉን አይተውም። ሌፕቲን የሚባል ሌላም ይልካል፤ ሲበዛ እሱም እብጠቱን ሳያባብስ አይቀርም፣ የእሱ ነገር ገና እየተጠና ነው አለች።

ለአዳዳ ሚኒባሱ ውስጥ በእኛ ቋንቋ ተረጎምኩላት። «ገበያው ሲበተን መንገድ ዳር ጉልት የሚዘረጉት የሉም? ትልቁ ገበያሽ ተዘግቷል። ስብሽ ጉልት ዘርግቷል። ያው እቃ ነው የሚሸጠው።»

«እና ቀጭኖቹስ ለምን ይታመማሉ? ደሴ ወረፋ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው እንጨት አይደለች?»

«እሱንም ብላለች። ቀጭንም ትታመማለች፣ ወፍራም ሆና የማይነካትም አለች። ግን ስቡ ሲበዛ የመምጣቱ ነገር ይበዛል፣ ሄዶ የመመለሱም። ቀስ ብለሽ ሃያ ኪሎ ብትቀንሺ ነው ያለችሽ። በእግርሽ ሂጂ፣ ቅቤ ቀንሺ።»

«ለቅቤ ሻጭ ቅቤ ቀንሺ። ለአዛን ባዩ ድምፅህን ቀንስ በለው እንጂ።»

እኔ ግን ጭቅጭቁ ስለ ዶክተሯ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ስለ ቀሚሱ ነው።

ቀሚሱን ልንገራችሁ። ባሏ ሙኽታር በዘጠና ሁለት ዓ.ም ነው በባቲ በኩል ወጥቶ፣ ጅቡቲን አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ ጅዳ የገባው። የሄደ ቀን እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ መናኸሪያው ላይ እግሩን ይዤ አላለቀስኩም ማለት ውሸት ነው፣ ጫማውን በግድ እስኪያስለቅቁኝ ድረስ አልቅሻለሁ። አዳዳ አረንጓዴ ላይ ቢጫ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳለች። ለሽኝቱ ብላ ሙሄ ልብስ ሰፊው ጋ በልኳ ያሰፋችው ነው፣ ወገቡ ላይ ጥብቅ ያለ። ሙኽታር መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብቅ ብሎ «እንዳለሽ ጠብቂኝ» አላት። በቃ፣ ያቺን ብቻ።

ሌላ ሰው ቢሆን ታማኝ ሁኚ ማለቱ ነው ብሎ ያልፈዋል። አዳዳ ግን ነጋዴ ናት፣ አደራ ስትቀበል መዝና ነው የምትቀበለው። ቀሚሱን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። በየኢዱ አውጥታ ትለካዋለች። ከጠበበ ሁለት ሳምንት ቅቤ ትቀንሳለች። ከሰፋ ትጨምራለች። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ መናኸሪያ ላይ የቆመችውን ሴትዮ ስትጠብቅ ኖረች፤ አንዲት ጣት ሳታጎድል፣ ሳትጨምር። ሙኽታር አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውላል። ስልኩን ከፍ አድርጋ ነው የምታናግረው፣ እኔም ሰፈሩም እንሰማለን። «ለመጪው ዓመት፣ ኢንሻአላህ» ይላል። «ኢንሻአላህ» ትላለች። ስልኩ ሲዘጋ ትንሽ ይዛው ትቆያለች፣ ጆሮዋ ላይ።

እንግዲህ ይቺን ሴት ነው ሃያ ኪሎ ቀንሺ የሚሏት።

በአፍ እንደማይሆን ሲገባኝ በባጃጅ ሞከርኩ። የሰው ባጃጅ ነው የምነዳው። ጠዋት ጠዋት አዳዳን ይዤ በጨፋ መንገድ ወደ ቦርከና ወንዝ እወርዳለሁ፤ የገጠር ሴቶች ቅቤያቸውን ይዘው ሲመጡ ሌላ ነጋዴ ሳይቀድማት መንገድ ላይ ትቀበላቸዋለች። አንድ ቀን ስንመለስ ከተማው መግቢያ ላይ ባጃጇ ቀጥ አለች።

«ምን ሆነች?»

«ሞተሯ ሞቀ። አንቺ ቀስ እያልሽ ሂጂ፣ ቅቤው እኔ ጋ ይቅር።»

እየሰደበችኝ ሄደች። በነጋታው እዚያው ቀጥ አለች። በሳምንቱ ከከተማው ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች፣ ከዚያም ራቅ። ወር ሳይሞላ ባጃጇ ቦርከና ድልድይ ላይ መታመም ጀመረች።

«ይቺ ባጃጅ ስትሄድ ጤነኛ ናት፣ ስትመለስ ለምንድነው የምትሞተው?»

«ዳገት አትወድም።»

«ዳገቱ የታለ?»

እውነት ለመናገር ዳገት የለም፣ ሜዳ ነው። አንድ ቀን ግን ተሳሳትኩ። ሌላ ተሳፋሪ አገኘሁና በሌላ መንገድ ዞሬ ቀድሜያት ቤት ደረስኩ። ስትገባ በረንዳው ላይ ሻይ እየጠጣሁ ነው። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። ሰው ትሳደባለች ብሎ ሲጠብቅ ጫማዋን አወለቀች።

«ባጃጇ ተሻላት?»

«ተሻላት።»

«እኔንስ መቼ ነው የሚሻለኝ?»

የያዝኩትን ሻይ ለእሷ ሰጠኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ባጃጇን ማሳመም አላስፈለገኝም። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ራሷ «አቁም» ትላለች። ትወርዳለች፣ ጫማዋን ታጠብቃለች፣ ትሄዳለች። እኔ ከኋላዋ ቀስ እያልኩ እነዳለሁ። በወር አንድ ቀን ፈረጅ እህል መጋዘን ገብታ የጆንያ ሚዛን ላይ ትቆማለች። ስትጀምር አንድ ኩንታል ከአራት ኪሎ ነበረች። ፈረጅ «ይሄን ማሽላ ማን ነው የሚገዛኝ» እያለ ይቀልድባት ነበር። ረመዳን ሲያልቅ ዘጠና ገባች፤ ፈረጅም መቀለድ ተወ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። በእኛ አገር ከሳሽ ማለት ሞትሽ ማለት ነው እኮ። ጎረቤታችን ዘሃራ አንድ ቀን ድንገት አስተዋለቻት። «ዓዲላ፣ ምነው ከሳሽ? ምን አገኘሽ?» ብላ ደረቷን መታች። በማግስቱ ቅቤ የሚዋኝበት ገንፎ ይዛ መጣች። ሌላዋ አጥሚት። ሦስተኛዋ የታረደ ዶሮ። ቅቤ ተራ ላይ ገዢዎቿ ሲያልፉ ያዩዋታል፣ ከዚያ አጠገቧ ያለችው ወፍራም ጋ ይሄዳሉ። «በሽታ አላት» ይባላል። አዳዳ እሱን ሁሉ ቻለች።

የኢዱ ለት ቀሚሱን አወጣች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ አየኋት። ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ወድቆ ወገቧ ጋ እንደ ባዶ ጆንያ ተንጠለጠለ። ሁለት እጇን አስገብታ የተረፈውን ጨርቅ ያዘችው፤ በግራ አንድ ጭብጥ፣ በቀኝ አንድ ጭብጥ። አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ኢድ ሙባረክ ልላት መጥቼ ነበር፤ በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁት።

አርብ ላይ ሙኽታር ደወለ። «ዓዲላ፣ ዘንድሮ እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም። ለአረፋ መጣሁ በይ።»

ሁለት ወር ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጄን አስነስቼ ብጠብቃት ዛሬ አልሄድም አለች። እሁድም። ጓዳ ስገባ በብርጭቆ የቀለጠ ቅቤ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ስትጨልጥ ደረስኩ። ኪኒኗን ሄጄ አየሁ። አርብ ስቆጥራቸው ሃያ ሁለት ነበሩ፣ ቅዳሜ ሃያ ሁለት፣ እሁድም ሃያ ሁለት።

«አዳዳ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየተመለስኩ ነው።»

«ኪኒኑስ?»

«እሱ ነው ያከሳኝ። ሌሊት ሙቀት፣ ቀን ሙቀት፣ እንደ ሻማ ነው የሚያደርገኝ።»

«ያከሳሽ እግርሽ ነው። እሱ እንዳትሞቺ ነው።»

«ሁለት ወር ነው በቃ። ይየኝና፣ ከዚያ ኪኒኑንም እውጣለሁ፣ በእግሬም ባቲ ድረስ እሄዳለሁ።»

«እብጠቱስ ሁለት ወር ይታገስሻል?»

«አስራ ሁለት ዓመት የታገሰ ሰው እያለ እሱ ሁለት ወር ምን ይለዋል?»

«በአላህ፣ ጡትሽንስ ምን ልትይው ነው?»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከንፈሯ በቅቤ ያበራል።

«ጡቱን እነግረዋለሁ። በሽታ ወሰደው እለዋለሁ። አላህ የወሰደውን ማን ይጠይቃል? ሥጋዬ የት ሄደ ቢለኝ ግን ምን እላለሁ፣ ፈይሰል? በገዛ እግሬ መንገድ ላይ አራግፌው መጣሁ ልበለው? አደራ ነበር እኮ።»

እኔም ብሆን፣ ወላሂ፣ ያ ጀርባ ናፍቆኛል። በእግሯ ስትሄድ ከኋላ ሳያት በየወሩ ሲጠብ ነበር፤ ደስ እያለኝ ሆዴ ይባባል። ሁለቱን ባንድ ላይ የተሸከመ ሰው ያውቀዋል።

ግን እኔ ቁጭ ብዬ የማለቅስ ሰው አይደለሁም፣ ተንኮል ነው የሚመጣልኝ። ገበያ ስትወርድ ጠብቄ ሳጥኗን ከፈትኩ። ቀሚሱን በፌስታል ጠቅልዬ ሙሄ ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ።

ሙሄ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ዳሰሰው። «ይሄን እኔ ነኝ የሰፋሁት። የሙኽታር ሽኝት ለት።»

«አጥብበው።»

«በስንት?»

«በግራ አራት ጣት፣ በቀኝ አራት ጣት። አሁን ባለችበት ልክ።»

«ታውቃለች?»

«ብታውቅ ራሷ ታመጣው ነበር።»

የኪኒኑን ነገር ነገርኩት፤ የጡቱን አልነገርኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ማሽኑን ረገጥ ረገጥ አደረገና «ክሩ ግን ያሳብቃል» አለኝ። «የድሮው ደብዝዟል። እንደሱ ያለ አረንጓዴ ዛሬ አይመጣም።»

«ከውስጥ ነው፣ ማን ያየዋል?»

«ሴት ቀሚስን የምታየው ከውስጥ ነው፣ ሞኞ።»

ያም ሆኖ ሰፋው። ቦታው መለስኩት። ሦስት ቀን ቆይቼ፣ ብርጭቆዋን ይዛ ስትቀመጥ፣ «አዳዳ፣ ሳይሽ ሞላ ሞላ ብለሻል፣ እስቲ ለኪው» አልኳት።

«በሦስት ቀን?»

«ቅቤው የጨፋ ነው፣ ምን ታውቂያለሽ።»

ገባች። ቆየች። ስትወጣ ቀሚሱ ልክክ ብሏል። ወገቧ ላይ ጥብቅ፣ ልክ መናኸሪያ ላይ እንደነበረው። አውራ ጣቷን በጎኗ ስፌት ላይ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ ድረስ ቀስ አድርጋ አወረደች። ቅቤ ስትፈትን እንደዚያ ነው የምታደርገው፣ ውስጡ ሌላ ነገር ተሸሽጎ እንደሆነ። ጣቷ አንድ ቦታ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ሞላሁ» አለች።

«ሞላሽ» አልኳት።

ብርጭቆውን ለዘሃራ ልጆች ሰጠችው። በማግስቱ ኪኒኑን ብቆጥር ሃያ አንድ ነው። በሦስተኛው ቀን ድልድዩ ጋ ስንደርስ «አቁም» አለች።

አረፋ መጣ፤ ሙኽታር አልመጣም። አሠሪው ወረቀቱን ያዘብኝ አለ በስልክ። «ለመጪው ዓመት፣ ኢንሻአላህ።» አዳዳ «ኢንሻአላህ» አለች፤ ስልኩን ግን እንደ ሌላው ጊዜ ጆሮዋ ላይ አላቆየችውም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጫማዋን ማጥበቅ ጀመረች። በዚያ ዓመት እኔና ሙሄ ቀሚሱን ሌላ ሁለት ጊዜ አጠበብነው። እሷ ሁለት ጊዜ ለካችው፣ ሁለት ጊዜ ስፌቱን ዳሰሰችው፣ ሁለቴም «ልኬ ነው» አለች። ደሴ ዶክተሯ ዳብሳ፣ ፎቶ አስነስታ፣ ወረቀቱን አየች። ለጊዜው ምንም የሚታይ ነገር የለም አለች። ወደፊት አይመጣም ብዬ ግን አልምልም፣ ኪኒኑን እንዳታቋርጪ፣ እግርሽንም። አዳዳ ስትወጣ «ጥሩ ልጅ ናት፣ ውሸት አትችልም» አለችኝ። እኔን እያየች ነው ያለችው።

ሁለት ሺህ ስድስት ኅዳር ላይ ሳውዲ ወረቀት የሌለውን ማስወጣት ጀመረች። ሬዲዮው ሌላ ወሬ የለውም። ከሚሴ ላይ ጅዳ ወይ ሪያድ ሰው የሌለው ቤት የለም፤ ሁሉም ጆሮውን ተክሎ ነው የሚውለው። የሙኽታር ስልክ አርብ አልጮኸም። በሁለተኛውም አርብ አልጮኸም። ስንደውልለት የዐረብ ሴትዮ ናት የምታወራን። አዳዳ ቅዳሜ ጠዋት ቀሚሱን ለብሳ ገበያ ወጣች። እሁድም እሱኑ። ሳምንቱን ሙሉ።

«አዳዳ፣ ቅቤ እየነካው ነው። ይቆሽሻል።»

«ቢቆሽሽ ይታጠባል። መጥቶ በሌላ ልብስ ቢያገኘኝ ግን አይታጠብም።»

ከአዲስ አበባ አውቶቡሶች ተመላሽ ጭነው ይመጣሉ። እኔም ከመናኸሪያው አልጠፋም። የሚወርዱት ብርድ ልብስ በትከሻ፣ ነጠላ ጫማ፣ ፌስታል። አንዳንዱን እናቱ አቅፋ ታለቅሳለች፣ አንዳንዱ የሚያቅፈው ሲፈልግ ዙሪያውን ያያል። ሐሙስ ለት ረፋድ ላይ አንድ ሰውዬ ማንንም ሳይፈልግ ቀጥ ብሎ ባጃጄ ጋ መጣ። ጢሙ ነጭ ነው፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ኮቱ የወፍራም ሰው ነው።

«ቅቤ ተራ።»

«ይግቡ፣ አባት።»

ትንሽ እንደሄድን ከኋላ «ዓዲላ አሁንም እዚያው ናት?» አለኝ።

ፍሬን ያዝኩ። ፊቱን በመስታወት አየሁት፣ አላወቅኩትም። ድምፁን ግን አስራ አራት ዓመት በየአርቡ ሰምቼዋለሁ።

«ጋሼ ሙኽታር?»

«አንተ ማነህ?»

«ፈይሰል ነኝ። ጫማዎን የያዝኩት።»

እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፣ አላነሳውም። «ታጥቤ፣ ልብስ ቀይሬ ነበር መሄድ የነበረብኝ» አለ። «የት ልታጠብ ብዬ ሳስብ ግን የሷ ቤት ብቻ ነው የመጣብኝ።»

ወደ ቅቤ ተራ ስንቃረብ ጥግ ይዤ አቆምኩና ዞርኩበት።

«አንድ ነገር ልለምንዎት። ሲያገኟት የፈለጉትን ይበሉ። ከሳሽ ብቻ እንዳይሏት።»

«ከስታለች?»

«አልወጣኝም።»

«አመማት?»

«ያገኛትን እሷ ትነግርዎታለች፣ የእኔ አይደለም። እርስዎ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ይዋጡልኝ። አስራ አራት ዓመት ቀሚስ ስትለካ ኖራለች። እንዳለሽ ጠብቂኝ ብለዋት ነው የሄዱት።»

«እኔ ነኝ ያልኩት?» አለ። ግንባሩን አሸው። «አስታውሳለሁ… መኪናው ሲንቀሳቀስ ነበር። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው እኮ።»

ሞተሩን አስነሳሁ።

«አልላትም፣ ወላሂ» አለ ከኋላዬ። ከዚያ ሁለት እጁን ገልብጦ አየ። «እኔንስ? ይኸው ባዶ እጄን ነው። ምን ትለኛለች?»

«አዳዳ? እንኳን ደህና መጣህ ነው የምትልዎት፣ ሌላ ምን ትላለች።»

ቅቤ ተራ ሙሉ ነበር። አዳዳ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ የአንዲት ሴትዮ ቅቤ ውስጥ አውራ ጣቷን ነክራለች። እኔን ቀድማ አየችኝ፣ ከዚያ ከኋላዬ ያለውን። ጣቷን ከቅቤው አላወጣችም። ሴትዮዋ «እህ፣ ምን አገኘሽበት?» አለቻት፤ አልሰማቻትም። ዘሃራ ማዶ ሆና አየችና አፏን በሻሿ ያዘች። ወሬው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲተላለፍ ተራው ጸጥ እያለ ሄደ፣ አንዲት ሚዛን ብቻ ትንኳኳለች።

አዳዳ ተነሳች። አረንጓዴው ላይ ቢጫ አበባ፣ ሦስት ጊዜ የጠበበ፣ ወገቧ ላይ ልክክ ያለ። ቀኝ ደረቷ ላይ ያለው ሻሽ ሲቸኩሉ እንደጎሰጎሱት ትንሽ ዘመም ብሏል። ቅቤያማ እጇን በጎኗ ጠረገች፣ በስፌቱ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች።

ሙኽታር ሦስት እርምጃ ቀርቶት ቆመ። ከራሷ እስከ እግሯ አያት፣ ከእግሯ እስከ ራሷ መለሰው። አፉ ሲታገል አየሁት። ምላስህን ንከስ፣ ምላስህን ንከስ እላለሁ በሆዴ። ሰውዬው ምሎ ነበር እኮ።

«ዓዲላ» አለ። «ከስተሻል።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ወደኔ ትዞራለች ብዬ ነበር፤ አልዞረችም። እሱን ነው የምታየው፣ ያን የሰው ኮት፣ ያን የገባ ጉንጭ።

«አንተ ደግሞ ዘግይተሃል» አለችው።